«ሥራ ፍጠሩ» ስለ መባላችን

የምረቃችን ቀን እየቀረበ በሄደ መጠን በግቢያችን የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል። በመኝታ ክፍል፣ በምግብ ቤት ሰልፍ፣ በቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚገናኙ ተማሪዎች ስለ መውጫ ፈተናው ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ «ካለፍንስ ወዴት ነን?» ይባባላሉ። አብዛኛው ትከሻውን ሰብቆ ዝም ይላል። ጥቂቱ ግን ቀና ብሎ «የማንንም ደጅ አልጠናም፤ የራሴን ሥራ እፈጥራለሁ» ይላል። እንዲህ የሚለውን ጓደኛችንን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ እንሰጋለታለንም። ደስ የሚለን ደጅ መጥናት የሰለቸው ወጣት ማየት የሚያኮራ ስለ ሆነ ነው። የምንሰጋለት ደግሞ እኛም ባለፈው ዓመት ይህንኑ ብለን፣ ይህንኑ ሞክረን፣ የሰው ገንዘብ አጥፍተን ስለ ተመለስን ነው።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሦስት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። ዓላማችን የጓደኞቻችንን ሞራል ለመስበር አይደለም። «ሥራ ፍጠሩ» የሚሉንን ሁሉ ለመውቀስም አይደለም። ነገር ግን ምክሩ ግማሽ ምክር ነው። ግማሹን ብቻ ሰምቶ የሚነሣ ሰው ምን እንደሚደርስበት፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ከማን ሊያገኝ እንደሚችል ሳንናገር ብንመረቅ፣ ዝምታችን ከኋላችን ለሚመጡት ተማሪዎች በደል ይሆናል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የተማረው ሰው እጅግ ጥቂት፣ የመሥሪያ ቤቶች ፍላጎት ደግሞ ብዙ ስለ ነበረ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራን ይመርጥ ነበር እንጂ ሥራ እሱን አይመርጠውም ነበር። በደርግ ዘመንም ተመራቂው በመንግሥት ምደባ ወደየክፍለ ሀገሩ ይላክ ነበር። ቦታው ባይወደድ፣ ደመወዙ ቢያንስ እንኳ የምረቃው በዓል የሥራው ዋዜማ ነበር። ወላጆቻችን «ተማር፣ ሰው ትሆናለህ» ሲሉን በልባቸው የነበረው ያ ዘመን ነው።

ዛሬ ግን ዘመኑ ተለውጧል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ በላይ ሆነዋል። ከፍተኛ ትምህርት የጥቂቶች መሆኑ ቀርቶ ለብዙው የአገር ልጅ መዳረሱ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስቆጭ አይደለም። ሆኖም የተመራቂው ቁጥር ሲበዛ የመሥሪያ ቤቱ ወንበር በዚያው ልክ አልበዛም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ሲወሰን ብዙዎች «መሐንዲስ ሥራ አያጣም» ይሉ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ መሐንዲሱም ከሌላው ተመራቂ ጎን ተሰለፈ። ለብዙ ዓመታት ተመራቂው በአራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያነብ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ገጹን ሲገለብጥ ይታይ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም እስከ መኝታችን ድረስ ይመጣል። መንገዱ አጠረ እንጂ ቃሉ አልተለወጠም፤ ከታች «የሥራ ልምድ፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ልምድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ከግቢው የምንወጣው የምንከፍለውን ዕዳ ፈርመን ነው።

እንግዲህ «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው ድምፅ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። በስብሰባ ይነገራል፤ በሥልጠና ይነገራል፤ በምረቃ ንግግርም ይነገራል። ሁላችንም በምንወስደው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ውስጥ የንግድ ዕቅድ አጻጻፍ ተምረናል። እኛ ሦስታችን እንዲያውም ጥሩ ውጤት አግኝተንበታል። ጥፋታችንም የጀመረው ከዚሁ ነው፤ ጥሩ ውጤት ያገኘው ዕቅድ በገበያም ጥሩ ውጤት የሚያገኝ መስሎን ነበርና።

ዕቅዳችን ይህ ነበር። ዛላ በርበሬ በጅምላ መግዛት፤ ቀንጥሶ፣ አድርቆ፣ ከነቅመሙ አስፈጭቶ፣ በግማሽና በአንድ ኪሎ አሽጎ ለሱቆች ማከፋፈል። በከተማ በርበሬ ለማዘጋጀት ጊዜ ያጣ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በርበሬ የማይገባበት ቤት ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ «ገበያው ዝግጁ ነው» ብለን ጻፍን። መነሻ ገንዘብ ስናጣ ወደ አንድ ባንክ ሄድን፤ መያዣ የሚሆን ቤት ወይም መኪና ስንጠየቅ ተመለስን። ከሦስታችን የአንዱ እናት ግን በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ የገቡበት ሳምንታዊ እቁብ ነበራቸው። ዕጣው ገና በአራተኛው ሳምንት ስለ ወጣላቸው «ልጄ ሰው ይሁንልኝ» ብለው ሙሉውን ሰጡን።

እቁብ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሆኖም ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ከጓደኞቹ እንደ ተበደረ የሚቆጠር መሆኑን፣ የመጨረሻው አባል እስኪደርሰው ድረስም በየሳምንቱ መጣል እንዳለበት ማስታወስ ያሻል።

በርበሬ በብዛት ለገበያ የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። የእኛ የዕረፍት ጊዜ ግን ክረምት ስለ ሆነ በሐምሌ ገዛን፤ ዋጋው ተወዶ ነበር። ፀሐይ ስለሌለ በቤት ውስጥ አሰጣነው፤ ከፊሉ ሻገተብን። የሻገተ በርበሬ ለሰው አይሰጥምና ለይተን ጣልን። በርበሬ ሲቀነጠስ፣ ሲደርቅና ሲፈጭ ክብደቱ እንደሚቀንስ በዕቅዳችን ውስጥ አልተጻፈም ነበር። የማሸጊያውን ዋጋ ደግሞ ከአንድ የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ ገልብጠን ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነገር ሁሉ በድሮ ዋጋው እንደማይገኝ አለማሰባችን ዛሬ ያሳፍረናል።

ይህን ሁሉ አልፈን የተዘጋጀውን በርበሬ ይዘን ወደ ሱቆች ሄድን። ባለሱቆቹ በመልካም ፊት ተቀበሉን። «ጋሼ፣ ስንት ኪሎ እናስቀምጥልዎ?» ስንል «አስቀምጡት ልጆቼ፤ ሲሸጥ ትወስዳላችሁ» አሉን። ሥራው የተሳካ መሰለንና በደስታ ወደ ቤታችን ተመለስን። በሳምንቱ ስንሄድ «ነገ ኑ» ተባልን። በነገው ስንሄድ ባለቤቱ የሉም ተባልን። ከዚያም ትምህርት ተጀመረ። ከፊሉ ከፈለን፤ ከፊሉ ጥቅሉን ከነአቧራው መለሰልን፤ አንደኛው ሱቁን ለሌላ ሰው ለቆ ሄደ፤ ዳግመኛም አላገኘነውም።

ነገሩን በቁጥር እናስረዳ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። እንበልና አንድ ኪሎ በርበሬ አዘጋጅቶ ለማሸግ 400 ብር ይወጣል፤ ለሱቅ ደግሞ በ500 ብር ይሸጣል። 100 ኪሎ ለማዘጋጀት 40,000 ብር ወጣ፤ በደብተር ላይ የሚጻፈው ሽያጭ 50,000 ብር ነው፤ ትርፉም 10,000 ብር ነው። በወረቀት ላይ ይህ ያማረ ሥራ ነው። ነገር ግን በወሩ መጨረሻ የተሰበሰበው 20,000 ብር ብቻ ቢሆንስ? ለሚቀጥለው ወር 100 ሳይሆን 50 ኪሎ ብቻ ማዘጋጀት ይቻላል። በዚህ መካከል የበርበሬ ዋጋ ጨምሮ የአንድ ኪሎ ወጪ 500 ብር ቢደርስ 50ው ኪሎ 40 ይሆናል። ከአምስቱ ደንበኞች አንዱ፣ እርሱም 10,000 ብር ያለበት፣ ጨርሶ ባይከፍል ደግሞ የሁሉም ትርፍ ከእርሱ ጋር ሄደ ማለት ነው። ትርፍ በደብተር፣ ገንዘብ በሰው እጅ ማለት ይህ ነው። ይህን ሒሳብ የሂሳብ አያያዝ ተማሪው ጓደኛችን በፈተና ላይ ቢጠየቅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሠራው ነበር። በገበያ ላይ ግን ሦስት ወር ፈጀብን።

ገንዘቡ ማለቁን ልንነግራቸው በሄድን ጊዜ እኚያ እናት አልተቆጡም። የጠየቁን ሦስት ነገር ብቻ ነው። «በክረምት በርበሬ ማን ያሰጣል? ለማታውቁት ሰው ዱቤ ስጡ ማን አላችሁ? ለመሆኑ ምነው እኔን ሳትጠይቁኝ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን በጉልት ተቀምጠው ልጅ ያስተማሩ ናቸው። ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያመላልስ ከአነጋገሩ ያውቃሉ። ደብተር የላቸውም፤ ነገር ግን ዋናውን ገንዘብና ትርፉን በመቀነታቸው ሁለት ጫፍ ለየብቻ ይቋጥራሉ። እኛ ገንዘባቸውን ስንወስድ ዕውቀታቸውን አልወሰድንም። «የጉልት ሴት ምን ታስተምረናለች?» ብለን ንቀን አልነበረም፤ መጠየቅ የሚባለው ነገር በሐሳባችን ጨርሶ አልመጣም። ይህ ከንቀት ይብሳል። እሳቸው ዛሬም በየሳምንቱ እቁባቸውን ይጥላሉ። እኛም ልጆች እያስጠናን ከምናገኘው ላይ እያዋጣን እናግዛቸዋለን፤ ገና አልጨረስንም።

ከዚህ የተማርነው ነገር አንድ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር እርሱ ነው። ሥራ መፍጠር ሥራ ላጣ ሰው የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም። ሙያ ነው። እንደ ማንኛውም ሙያ ደግሞ በሚያውቅ ሰው ሥር ሆኖ ይለመዳል። ሕክምና የሚማረው ጓደኛችን መጽሐፉን ስለ ጨረሰ ብቻ በበሽተኛ ላይ ቢላዋ እንዲያነሣ አይፈቀድለትም፤ ከእርሱ በላይ በሚያውቅ ሐኪም ዓይን ሥር ሆኖ ይለማመዳል። ሸማኔው ልጁን መወርወሪያ ከማስጨበጡ በፊት ድውር ያስደውረዋል። ነጋዴ እንዲሆን የተመከረው ተመራቂ ግን የሚለማመደው በእናቱ እቁብ ላይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

አገራችን ይህን ትምህርት ቤት አታውቀውም አይባልም። በመርካቶ ስማቸው የተጠራ ብዙ ነጋዴዎች የተነሡት ከሊስትሮ ሣጥንና ከሱቅ ተላላኪነት ነው። ከጉራጌ አገር የመጣው ልጅ በዘመድ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሲላላክ፣ ሲመዝንና ሲቆጥር ይቆያል። ማን የታመነ፣ ማን ያልታመነ እንደ ሆነ ይለያል፤ ዕቃ መቼ እንደሚረክስ፣ መቼ እንደሚወደድ ይማራል። ከዚያም በዘመዶቹ ድጋፍ የራሱን ትንሽ ሱቅ ይከፍታል። ያን ልጅ «ሥራ ፈጣሪ» ብሎ የጠራው አልነበረም። ነገር ግን እኛ ያላለፍንበትን ትምህርት ቤት አልፎ ነበር።

ታዲያ እኛ ለምን እንዲህ አናደርግም? ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እናፍራለን። «ዲግሪ ይዤ ወፍጮ ቤት ልግባ? ጋራዥ ልቀጠር? ሰፈሬ ምን ይለኛል?» እንላለን። ይህ ሐፍረት የቆየ የአገር በሽታ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ በአዋጅ ቀረ እንበል፤ ንቀቱ ግን ቀሚስና ቆብ ለብሶ ከእኛ ጋር ሊመረቅ ተሰልፏል። በአንድ ሰው ወርክሾፕ ሁለት ዓመት መሥራትን እንደ ውርደት፣ ያለ ምንም ዕውቀት «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ካርድ ማሳተምን እንደ ክብር እስከ ቆጠርን ድረስ፣ የሥራ ፈጠራ ንግግር ቢበዛ የሚያበዛው የተዘጋ ሱቅ ነው።

በዚህ ላይ ጓደኞቻችን የሚያነሡትን ተቃውሞ እናውቃለን። «ሥራ ጠፍቶ እያለ በሰው ሥር ሥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ቢገኝማ መቼ እንቢ አልን?» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን በከፊል ነው። በማስታወቂያ የሚወጣው ሥራ ብዙውን ጊዜ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነው። ባለወፍጮው፣ ባለጋራዡ፣ የብረታ ብረት ወርክሾፑ፣ የዶሮ እርባታው ባለቤት በአብዛኛው ማስታወቂያ አያወጡም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሒሳባቸውን በወጉ የሚጽፍላቸው፣ ግብራቸውን በጊዜው የሚያስታውቅላቸው፣ የጨረታ ሰነድ የሚሞላላቸው፣ በቴሌግራም የመጣውን ትእዛዝ የሚከታተልላቸው ሰው ይፈልጋሉ። እኛ ይህን እንችላለን። እነርሱ ደግሞ እኛ የማንችለውን ይችላሉ። ለሁለቱም የሚጠቅም ልውውጥ ነው። እርግጥ ነው፣ የወጣቱን ጉልበት በነጻ ለመብላት የሚፈልግ አሠሪ አይጠፋም። ስለዚህ «ልምድ ይበቃሃል» የሚለውን ሁሉ አንቀበል፤ ደመወዝ እንነጋገር፤ ውል እንጻፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗልና መብታችንን አውቀን እንግባ። በገባንበትም ቤት ተማሪ እንሁን እንጂ ሌባ አንሁን። የአሠሪያችንን ደንበኛ ሰርቆ ማቋቋም ሥራ መፍጠር አይደለም።

እኛ የደረሰብን ለሌላው እንዳይደርስ ከኪሳራችን ያተረፍነውን በአጭሩ እንዘርዝር።

አንደኛ፤ ልንከፍተው ባሰብነው ሥራ ውስጥ አስቀድመን ተቀጥረን አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንሥራ። ዓመቱን ሙሉ ካልኖርንበት የሥራውን ክረምትና በጋ አናውቅም።

ሁለተኛ፤ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ገዢ እንፈልግ። «ሐሳባችሁ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ገዢ አይደለም። ገዢ ማለት ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሰጥ ነው። አሥር ጎረቤት በጥሬ ገንዘብ ካልገዛን መቶ ሱቅ በዱቤ ቢወስድልን አይጠቅመንም።

ሦስተኛ፤ የቤተሰብን ጥሪት የመማሪያ ገንዘብ አናድርግ። የአባት በሬ፣ የእናት እቁብ፣ የእኅት የዓረብ አገር ላብ ለመለማመጃ አይደለም። ከደመወዛችን በቆጠብነው ትንሽ ገንዘብ ትንሽ እንሳሳት።

አራተኛ፤ መዝገባችን ሦስት ዓምድ ይኑረው፤ የገባ፣ የወጣ፣ በሰው እጅ ያለ። ሦስተኛው ዓምድ ከሌሎቹ በፍጥነት ካደገ ሽያጩን አቁመን እንሰብስብ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ መክፈቻ ሊሆን በተገባው ነበር።

አምስተኛ፤ በጓደኛሞች መካከል ውል ይጻፍ። እኛ «ፍቅራችን ውል አያስፈልገውም» ብለን ጀመርን፤ ኪሳራው ሲመጣ ማን ምን ያህል ይሸከም እንደ ሆነ ለመስማማት ፍቅራችን በጣም ተፈተነ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የማኅበሩ ዕዳ የግል ዕዳ እንዳይሆን የሚከላከል መንገድ መኖሩን ሳያውቁ መጀመር ጅልነት ነው።

ስድስተኛ፤ የንግድ ፈቃድ ለማውጣት አንቸኩል፤ ከወጣም በኋላ አንርሳው። ፈቃድ ያለው ሰው ሽያጭ ባይኖረው እንኳ ለግብር መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። ሥራውን ሲያቆምም በሥርዓቱ መመለስ ይገባዋል። ሥራው ሞቶ ፈቃዱ በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ቅጣት ሲወልድ ይኖራል።

እስካሁን የተናገርነው ለራሳችንና ለጓደኞቻችን ነው። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በተመራቂው ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ፍትሕ አይደለምና ለመምህሮቻችንና ለሚመለከታቸው ሁሉ ደግሞ በትሕትና የምናቀርበው አለን።

ውድ መምህሮቻችን፤ ለተግባር ልምምድ የምንወጣበት ጊዜ በብዙ ቦታ የፊርማና የማኅተም ጊዜ ሆኖ መቅረቱን እናንተም ታውቃላችሁ። ተማሪው በአንድ መሥሪያ ቤት ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል፤ በመጨረሻ ቀን ወረቀቱ ይፈረምለታል። ይህን ጊዜ ወደ ትንንሽ ወርክሾፖችና ሱቆች አውጡት። የአንድን ባለወፍጮ የአንድ ወር ሒሳብ በትክክል ጽፎ ያመጣ ተማሪ የሌለ ድርጅት ዕቅድ ካሳመረ ተማሪ የበለጠ ውጤት ያግኝ። ወደ ሥራ ፈጠራ ክፍላችሁም አንዳንድ ጊዜ እንደ እኚያ እናት ያሉትን ጋብዙ። ስለ ዱቤ የአንድ ሰዓት ንግግር ቢያደርጉልን ኖሮ ምናልባት እቁባቸው በተረፈ ነበር።

ይህ ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያደርግ ነበር፤ አብዛኛውም በአስተማሪነት ነበር። የሄዱት ተማሪዎች ስለ አገራቸው የተማሩት ካስተማሩት አላነሰም። ያ ዓመት በዚያው መልኩ ይመለስ አንልም። ነገር ግን ለሚፈልግ ተማሪ በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሚያሳልፈው፣ እንደ ሥራ ልምድ የሚቆጠርለት አንድ ዓመት ቢዘጋጅ «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚለው በር ግማሹ ተከፈተ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ራሳቸውም ገዢዎች መሆናቸውን አንርሳ። በምግብ ቤቶቻችን በየቀኑ የሚበላው ሽሮ፣ በርበሬና እንጀራ ብዙ ነው። የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ይፈቅዳል። ከዚህ ግዥ ጥቂቱ እንኳ ተደራጅተው ለሚሠሩ ተመራቂዎች ቢተው፣ ክፍያውም በጊዜው ቢፈጸም፣ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ይጠቅማል። አዲስ ነጋዴ ከምክር ይበልጥ የሚፈልገው በቃሉ የሚከፍል አንድ ደንበኛ ነው።

ስለ ብድርም እንዲሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ቤትና መኪና የሌለው ሰውም የሚይዘው ማሽን፣ የሚያረባው ከብት ዋስ እንዲሆነው መንገድ ከፍተዋልና። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ዱቤን አያስተምርም። ልምድ ለሌለው ሰው የሚሰጥ ብድር ኪሳራውን ከእናት መቀነት ወደ ሕዝብ ካዝና ያዛውራል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ብድሩ በሙያው ሠርቶ የቆየውን ያስቀድም፤ ላልሠራው ደግሞ የሚሠራበትን ቦታ ያሳየው።

በመጨረሻ፣ «ሥራ ፍጠሩ» ለሚሉን ሁሉ አንድ ቃል አለን። ምክራችሁን ተቀብለናል፤ ነገር ግን ሥራ ያጣ ወጣት ከፊታችሁ በቆመ ጊዜ ይህን ቃል የውይይት መዝጊያ አታድርጉት። «ፍጠር» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ጋር ሠርተሃል? ከማንስ ተምረሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ወደሚማርበት ቤት ምሩት። ያን ጊዜ ምክራችሁ ሙሉ ይሆናል።

እኛ ሦስታችን በሐምሌ እንመረቃለን። አንዳችን በአንድ ቅመም አዘጋጅ ድርጅት ውስጥ በመጋዘን ጸሐፊነት ለመቀጠር ተስማምቷል። ደመወዙ ትንሽ ነው። ሁለታችን ገና እየፈለግን ነው፤ ደጅ መጥናቱንም አልተውንም። የበርበሬውን ሥራ ግን አልረሳነውም። እንደገና የምንጀምረው የእኚያ እናት እቁብ ተጥሎ ካለቀ በኋላ፣ በበጋ፣ እሳቸውን አስቀድመን ጠይቀን ነው።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ ጓደኛ ወይም መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። ተሳስተን ከሆነ ከሌላ ኪሳራ በፊት ማወቁ ይሻለናል።